የሟቾች ቁጥርና የመረዳጃ መዝገባችን

ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት ለማዘጋጀት ስንነሣ ከሣጥን ካወጣናቸው ሰነዶች አንዱ የመረዳጃ መዝገባችን ነበር። የመዋጮው ገጽ በሥርዓት ተጽፏል። የሟቾቹ ገጽ ላይ ግን በ2012 ዓ.ም. መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ ከአንዳንድ ስሞች ጎን «ድንገተኛ ሕመም» የሚል ይነበባል። የጻፍነው እኛው ነን።

ያን ጊዜ በሸሪካት የነበረውን ክርክር የማያስታውስ የለም። አንዱ «ሰው በስኳርም በጉበትም ሲሞት ኮሮና እያሉ ቁጥር ያበዛሉ» ይል ነበር። ሌላው ደግሞ «የለም፣ የሚሞተው ከሚነገረው በላይ ነው፣ ይደብቁናል» ይላል። እኛም ነጋዴዎች ነንና ቁጥር መጠራጠር ልማዳችን ነው። ከኒሙሌ መንገድ የመጣ ዕቃ ደረሰኙ ያለውን ቢልም ካርቶኑን ሳንቆጥር አንረከብም።

ጥርጣሬው ግን በኮሮና አልተጀመረም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውን የኅዳር በሽታ አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል፤ ኋላም በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ የሞተው ሕዝብ ከ10,000 በላይ መሆኑን ገልጸዋል። ይህ ቁጥር ግን ግምት ነው። ሐኪሙ ጥቂት፣ ቀባሪውም ታማሚ በነበረበት ከተማ ማን ቆጥሮ? ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ ሲታጠን ብዙ ሰው ከዚያ በሽታ ጋር ያያይዘዋል። የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ግን የለንም።

ከዚያ በኋላም ቢሆን በአገራችን ሞትን የሚያውቀው ከመንግሥት ይልቅ ዕድር ነበር። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1993 ዓ.ም. የኤድስን ጉዳት ለማወቅ ሲነሡ የሄዱት ወደ መቃብር ቦታ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በሙስሊሙ መካነ መቃብርና በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር የተቀበረው ሰው ዕድሜው፣ ጾታው፣ ዘመዶቹ የሚናገሩት የሞት ምክንያት ተመዘገበ።

እንግዲህ ያን ጊዜ «ኤድስ ነው» የሚል ዘመድ ከየት ይገኛል? «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባል ነበር። አጥኚዎቹም ይህን ከሆስፒታል መረጃ ጋር ሲያስተያዩት ሰው «ሳንባ» እና «ብርድ» ሲል ብዙውን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ ደረሱበት። እንዲህም ሆኖ የጎልማሶች ሞት መብዛቱና በኋላ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር መቀነሱ ከመቃብር መዝገቡ ታየ። እኛ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ የነበርን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ቃሉን ስናስተካክል ኖረናል፤ አሁን ብንክድ ማን ያምነናል?

ወደ ኮሮና እንመለስ። መጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ሞት ስትናገር፣ በዚያው ዕለት ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያውን ታማሚ አስታወቀች። ኋላ ኢትዮጵያ ያሳወቀችው ሞት ከ7,500 አለፈ፤ የደቡብ ሱዳኑ ግን 150 እንኳ አልሞላም። የጁባን ሕዝብ የምናውቅ ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንበል?

ከነሐሴ 2012 እስከ መስከረም 2013 ዓ.ም. አጥኚዎች በጁባ ቤት ለቤት እየዞሩ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ደም መረመሩ። ከከተማው ሕዝብ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው አስቀድሞ በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር ገመቱ። በምርመራ ከተረጋገጠ አንድ ታማሚ ጀርባ መቶ ያህል ያልተመዘገቡ ነበሩ ማለት ነው። ያልተመረመረ አይቆጠርም፤ ቤቱ የሞተም እንዲሁ። እዚህ ላይ ተንኮል መፈለግ አያስፈልግም፣ የመመርመሪያው እጥረት ብቻውን ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሌላ ስሌት አወጣ። በምን ሞተ የሚለውን ትቶ፣ በሁለቱ ዓመታት (እ.ኤ.አ. 2020 እና 2021) ከወትሮው ስንት ሰው በልጦ ሞተ ብሎ ጠየቀ። መንግሥታት ያሳወቁት 5.4 ሚሊዮን ሲሆን ስሌቱ 14.9 ሚሊዮን ሆነ። ይህም ግምት ነው። በተለይ የሞት መዝገብ በሌላቸው አገሮች የተሠራው ከሌላ አገር እየተነጻጸረ ነውና የሚጠራጠር ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ቢሆንም «ቁጥር ያበዛሉ» ይል የነበረው ወዳጃችን በዚህኛው ሒሳብ ተረትቷል።

አሁን ወደ መዝገባችን። አውሮፕላን በቆመበት ሰሞን አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ አልተቻለም፤ ወገኖቻችንን እዚሁ ጁባ ቀበርን። ቤተሰብ «እባካችሁ ኮሮና ብላችሁ አትጻፉ፣ ለቀስተኛ ይሸሸናል፣ ሱቃችንም ገዢ ያጣል» ሲለን እሺ አልን። እየመሸ በየሱቁ መንግሥት ደበቀን ስንል የነበርንም እኛው ነን።

ለዚህ መጽሔት ብለን ቤተሰቦቹን አንድ በአንድ ጠየቅን። «አሁንስ ጻፉት» ያሉ አሉ፤ በስማቸው ጎን አርመናል። «ይቅር» ያሉም አሉ፤ እንደነበረ ትተነዋል። ከሟቾቹ መካከል ከነጭራሹ ያልተመረመሩ ነበሩ። ለእነርሱ አብረው ያስታመሙትን ጠይቀን፣ በቀይ ቀለም «ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር፤ ምርመራ አልተደረገም» ብለን ጽፈናል።