ከዴዴሳ ማዶ የነበረው ሐኪም

በወለጋ፣ ቦጂ ውስጥ ቢላ ላይ ድሬሰር ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የወለጋ ሕክምና ታሪክ በተወራ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው የፈረንጆቹ ስም ነው። ይገባቸዋል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲያረግፈው የሰዮ ገዥ ብሩ ወልደ ገብርኤል ሱዳን የነበረውን አሜሪካዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢን አስጠሩ፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ሰዮ ደረሰ። ነቀምቴም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድናዊው ዶክተር ኤሪክ ሶደርስትሮም ዘመን ሆስፒታል አገኘች።

ለቦጂ ሰው ግን የነቀምቴው ሆስፒታል ከዴዴሳ ወንዝ ማዶ ነበር። ሸለቆው ወባ፣ መንገዱም ክረምት ሲገባ ጭቃ ነበር። ምጥ የጠናባትን ሴት ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ትከሻ እየተቀባበሉ ይወጡ ነበር፤ ከኋላ ሴቶች ቆሎና ውሃ ይዘው ይከተሉ ነበር። ተሸካሚ አላዋጣም ያለ ቤት በራሱ ቀን ማን ይደርስለታል? እንዲያም ሆኖ ብዙ እናት መንገድ ላይ ቀረች።

ይህን ክፍተት የሞላው በሐኪሞቹ እጅ የሠለጠነው ያገሬው ልጅ፣ ድሬሰሩ ነው። ቁስል እናጥብ፣ ለወባ ክሎሮኪን እንሰጥ፣ ፔኒሲሊን እንወጋ ነበር። ሲሪንጁ ብርጭቆ ነበር፤ ከመርፌው ጋር በላምባ ምድጃ ይቀቀል ነበር። የመርፌው ጫፍ ሲደነዝ በድንጋይ ስለን መልሰን እንወጋበት ነበር። በአስተርጓሚ ፊት ሕመሟን የምትደብቅ እናት ለእኛ በኦሮምኛ ሳታፍር ትነግረን ነበር። ደግሞም በገዛ ቋንቋው መገልገል ለቦጂ አዲስ አልነበረም፤ ከሐኪሞቹ በፊት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጣው ኤርትራዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ትምህርትን ያስፋፋው ኦሮምኛ ከሚያውቁ ባልደረቦች ጋር ነው።

ከእኛ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ፦ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው። ክትባቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ነገር በየደጁ አደረሱት። እኛ ሕመምተኛ ሲመጣልን ነበር የምናክመው፤ እነሱ ሰዉን ሳይታመም ሄደው ያገኙታል። በዚህ በልጠውናል።

ባለፉት ዓመታት ግጭት በወለጋ ብዙ ጤና ኬላ ተዘርፏል፤ ባለሙያው ተበትኗል። አሁን መልሶ ግንባታ ሲታሰብ በጀቱ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ብቻ እንዳያልቅ አደራ እላለሁ። መጀመሪያ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ ይከፈል፣ የመድኃኒት ሣጥኗ ይሙላ፣ ደኅንነቷም ይጠበቅ። ቤቱን በመሥራት ሕዝቡ ራሱ ያግዛታል።