ባቡር ስለ ተባለው ስም

ባቡር ምን እንደ ሆነ በድሬ ዳዋ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገር ግን ከተማይቱን የወለደው ይህ ነገር ስሙን ከወዴት እንዳገኘ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ግእዝ የተማረውም ቢሆን ሥሩን በግስ ቢፈልግ አያገኘውም።

የቃሉ ምንጭ በኢጣልያንኛ ነው። ኢጣልያኖች እንፋሎትን «ቫፖሬ» ይሉታል፤ መርከብ በእንፋሎት ኃይል መሄድ በጀመረ ጊዜ መርከቡንም በዚያው ስም ጠሩት። ቱርኮችም «ቫፑር» ብለው ያዙት። በዐረብኛ ግን የቨና የፐ ድምፅ ስለሌለ ዐረቦች ሁለቱንም ወደ በ መልሰው «ባቡር» አሉት። ወደ እኛ የደረሰው ይኸው በዐረብ አንደበት የተለወጠው ቃል ነው። ፊደላችን ፐ ያለው ሲሆን እኛም በ ብለን መቅረታችን ቃሉ በማን እጅ እንደ መጣ ይመሰክራል።

«የምድር ባቡር» የሚለው አጠራርም ምስክር ነው። ባቡር የሚባል ሌላ ነገር ከሌለ «የምድር» ብሎ መለየት ምን ያስፈልጋል? የባሕሩ ስለ ቀደመ ነው እንጂ።

የምድሩን ባቡር ሥራ ፈቃድ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለሙሴ ኢልግ ሰጡት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፥ ሐዲዱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ከተዘረጋ በኋላ በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ዛሬ ድሬ ዳዋ ከምትባለው ሜዳ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ሐረር ሊገባ ነበር፤ ተራራው ስለ ከበደ ግን በግርጌው አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፥ «አዲስ ሐረር»ም ተባለ። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው በገንዘብ ማጣትና በመንግሥታት ክርክር ደክሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ድሬ ዳዋ ለብዙ ዓመት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና፥ ከባቡር የወረደው ዕቃ በግመልና በበቅሎ ይጫንባት ነበር። ከዕቃውም ጋር ቃል ይራገፍ ነበር።

ከተራገፉትም ቃላት አንዱ «ሐዲድ» ነው፤ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። «ፉርጎ» የፈረንሳይ «ፉርጎን» ነው። «ሹፌር»ም ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጓሜው «የሚያሞቅ» ማለት ነው፤ በእንፋሎቱ ዘመን በምድጃው ከሰል የሚጨምር ሰው ነበርና። እንግዲህ «ሹፌሩ ባቡሩን በሐዲዱ ላይ ነዳው፥ ፉርጎውም ተከተለው» ብንል ስሞቹ ሁሉ የባዕድ ናቸው፤ ግሶቹ ግን የራሳችን ናቸው።

እንግሊዞች ይህንኑ ነገር «ትሬን» ይሉታል፤ መጐተት ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ የወጣ ነው። ቀድሞ በስተኋላ መሬት ለመሬት የሚጐተተውን የረጅም ልብስ ዘርፍ፥ ደግሞም የንጉሥን እጀብ ይጠሩበት ነበር። እንግሊዝ ጅራቱን አይቶ ሰየመው፤ የእኛ ስም ግን ከእስትንፋሱ የተወሰደ ነው።

አንዱ ስም በሁሉ ዘንድ አንድ ነገር ማለት እንዳይመስለን። በድሬ ዳዋ ገበያ ሱማልኛ ተናጋሪው «ባቡር» ቢል መኪና ማለቱ ነው፤ በሐዲድ የሚሄደውን «ታሬን» ይለዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ግን «ባቡራ» ሲል የሐዲዱን ማለቱ ነው። በዐማርኛም ቢሆን ገበሬው «እህሉን ባቡር ቤት ወሰድሁት» ሲል ወፍጮውን ይናገራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው የአርመን ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ እርሱም ሐዲድ አልነበረውም።

በዚያችው በድሬ ዳዋ፥ የባቡር ፉጨት በሚሰማበት ከተማ፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀምጠው መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ በኢየሩሳሌም የተዉላቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲያደራጁ ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ሥራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ሁለቱም መጻሕፍት በአበገደ ተራ የተዘጋጁ ናቸውና በ ሁለተኛ ፊደል ነው። ቃልን ከሥሩ ማውጣት የለመደ ሊቅ «ሥር የሌለውን ስም ከልደተኛው ጋር ማን አስቀመጠው?» ይል ይሆናል። ሙግቱ ግን ብዙ አያስኬድም። «ወንጌል»ና «ጳጳስ» ከጽርዕ የመጡ ናቸው፤ የግእዝ ግስ የላቸውም፥ ባዕድ ናችሁ ያላቸውም የለም። እንዲያውም አባቶች ለጽርዕ ቃላት ሲሉ ጰን እና ፐን በፊደሉ ላይ ጨምረዋል። ቃልን ከማባረር ይልቅ የመጣበትን መንገድ መጻፍ ይሻላል።

በ1940ዎቹ ዓመታት በናፍጣ የሚሠራው መኪና መጥቶ እንፋሎቱ ቀረ። አንድ ሜትር ስፋት የነበረው አሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ፥ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር ተመረቀ፤ የድሬ ዳዋ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። ከሰል የለም፥ ጢስ የለም፤ ተሳፋሪው ግን ዛሬም ባቡር መጣ ይላል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ደግሞ «ቀላል ባቡር» ተብሏል፤ እንደ ጥንቱ ፍች ቢተረጐም «ቀላል እንፋሎት» ማለት ነው።