ተነጻጻሪ ዘይቤ በፎገራ ሜዳና በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ

ተነጻጻሪ ዘይቤ አንድን ነገር ከሌላ ነገር ጋር በግልጽ እያመሳሰሉ የሚናገሩበት ስልት ነው። በአማርኛ ዋነኛ ምልክቱ «እንደ» ሲሆን «ይመስላል»፣ «መስሎ» እና «ያህል» የሚሉትም ያገለግሉታል። ከተለዋጭ ዘይቤ፣ ከሰውኛ ዘይቤ፣ ከግነትና ከምጸት ጋር በትምህርት ቤት መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢሰለፍም የሌሎቹ መነሻ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ዘይቤዎች «እንደ» የወደቀችባቸው ንጽጽሮች ናቸውና። አርስጦጣሊስም ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ በንጽጽርና በተለዋጭ ዘይቤ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት እንደሆነ አመልክቷል።

የንጽጽር ጉልበት ያለው በሚነጻጸርበት ነገር ላይ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ አገር አለው። «ሐዘኗ እንደ ነሐሴ ርብ ሞላ» ተብሎ ቢጻፍ የሩቅ አንባቢ የሞላ ወንዝ ያያል፤ የወረታ ሰው ግን ከዚያ የበለጠ ያያል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጋር ይገናኛል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወገን ወርደው ይህን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። ዝናቡ የሚወርደው እላይ ደጋው ላይ ቢሆንም ጎርፉ የሚተኛው እታች ሜዳው ላይ ነው። ስለዚህ «እንደ ነሐሴ ርብ» የተባለ ሐዘን ከሩቅ የተነሳ፣ የመጣበት ሰው ምንጩን ያላየው ሐዘን ነው። ደግሞም ጎርፉ ሲመለስ ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ቡቃያ የቀበረው ደለል መሬቱን ያወፍራል። አንድ የወንዝ ስም ጥፋትንም በረከትንም አብሮ ተሸክሟል ማለት ነው። ጥሩ ጸሐፊ ይህን ያውቃል፤ ወንዙን በስሙ ይጠራል እንጂ «እንደ ጎርፍ» ብሎ አያልፍም።

የአካባቢው ሰው የዕለት ንግግር ራሱ ዘይቤ ሲሠራ ይገኛል። የጣና ውኃ በበጋ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የሚገለጠውን፣ ገበሬው ተከትሎ የሚያርሰውን እርጥብ መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል። ሐይቁ እንደ ሰው ሸሸ፤ መሬቱም በሸሸው ስም ተጠራ። ማንም ቅኔ ልቁጠር ብሎ አልተነሳም፤ ግን ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ በእኔ ሚዛን ከብዙ የታተመ ግጥም ይበልጣል። ከዚህ ጋር ሲተያይ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት በፎገራ የተስፋፋው ሩዝ በቋንቋው ውስጥ ገና እንግዳ ነው። ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ የጤፍን ያህል በምሳሌና በፈሊጥ ለመግባት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ንጽጽር ወደ ቅኔ የሚያድገው ደረጃ በደረጃ ነው። «ሐዘኗ እንደ ርብ ሞላ» ተነጻጻሪ ነው። «ሐዘኗ ርብ ነው» ሲባል «እንደ» ወድቃ ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። «የሐዘን ርብ የተስፋን ማሳ ደለል አለበሰው» ሲባል ግን ሁለቱ ወገኖች በዘርፍና በባለቤት ተጣምረው በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይታሰራሉ፤ ይህ የሰምና ወርቅ መንገድ ነው። ርብና ማሳ ሰሙ ናቸው፤ ሐዘንና ተስፋ ወርቁ። «አለበሰው» ለሁለቱም ይሠራል። ሰሙ ዝም ብሎ ሽፋን አለመሆኑም እዚህ ላይ ይታያል፤ ደለል መሬት እንደሚያወፍር የሚያውቅ ሰሚ የተቀበረው ተስፋ ለከርሞ እንደሚበቅል ከሰሙ ውስጥ ያወጣል።

ስያሜው ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ምስል ነው። አንጥረኛው ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናል። የሚጀመረው ሁለት ቤት ባለው በጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደረሳል። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ በዚህ ትምህርት ስማቸው የገነነ ሦስት ቤቶች ናቸው። ቅኔው በግእዝ ቢሆንም ልማዱ ወደ አማርኛ ግጥም፣ ወደ አዝማሪ ዘፈንና ወደ ጨዋታ ፈስሷል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ባሳተመው ጥናት ርዕሱን «ሰምና ወርቅ» ያለውም ይህን አነጋገር የማኅበረሰቡ መታያ አድርጎ በማየቱ ነው።

ከሰምና ወርቅ ጎን ኅብር አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም። የአማርኛ ጽሕፈት ለኅብር የተመቸ ነው፤ ፊደሉ መጥበቅንና መላላትን አያሳይምና። «ጎርፉ በሬን ወሰደው» የሚለውን ሲያላሉት የሚታረስበት በሬ ነው፤ ሲያጠብቁት የቤቴ በር ነው። በጽሑፍ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ለሚኖር ገበሬ ሁለቱ ፍቾች የተራራቁ አይደሉም፤ በሬው የሄደበት ቤት ለችግር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

የዚህ ጥበብ ስመ ጥር ሰው አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት እዚሁ ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ልደታቸውን በ1814 ዓ.ም. ያደርጉታል። በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሲሆኑ ሕዝቡ ይበልጥ የሚያስታውሳቸው በጨዋታቸው ነው። ከሚተረክላቸው አንዱ አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» ማለታቸው ነው። ሰውየው አንድ ነው፤ ሰላምታው የብዙ ነው፤ አህያውም ተቆጥሯል። እዚህ ውስጥ «እንደ አህያ ነህ» የሚል ንጽጽር አለ፤ ግን አንድም የንጽጽር ቃል የለበትም፤ ሥራውን የሠራው «ኣችሁ» የምትባለው ቅጥያ ናት። በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው ላይሆን ይችላል፤ ሕዝቡ የወደደውን ስልት በእርሳቸው ስም ማኖሩ ግን ራሱ ምስክር ነው።

ያረጀ ንጽጽር የጸሐፊ ፈተና ነው። «አንገተ ብርሌ» ያለው የመጀመሪያው ሰው የጠጁን ብርሌ ረጅም አንገት በዓይኑ አይቶ ነበር፤ ዛሬ ሐረጉን የሚደግመው ብዙ ሰው ብርሌውን አያይም። «ሎሚ ተረከዝ»ም እንዲሁ ሆኗል። የጥንቱ መኃልየ መኃልይ የሴቲቱን ጠጉር ከተራራ ከሚወርድ የፍየል መንጋ ጋር ሲያነጻጽር ለእረኛ ሕዝብ ይናገር ነበር፤ የደቡብ ጎንደር እረኛ ዛሬም ያለ ማብራሪያ ያየዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከቅኔ ቤት የወጣውን በዛብህን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረጋቸው፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1966 ዓ.ም. የግጥም መድበሉን «እሳት ወይ አበባ» ማለቱ ዘመናዊው ጽሑፍ ከዚህ ሥር እንዳልተነቀለ ያሳያል።

አለቃ ገብረ ሐና ግን ንጽጽርን ከቃል አውጥተው ወደ አካል ወስደውታል። ትውፊቱ እንደሚለው በጣና ደሴት በሬማ መድኃኔዓለም ሳሉ የሐይቁን ሞገድና የደንገሉን መወዛወዝ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት ቀመሩ፤ ለልጃቸው ለተክሌም አስተማሩት። በልጁ ስም «ተክሌ አቋቋም» ተባለ፤ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ባለችው ደብረ ታቦርም ጸንቶ ይኖራል። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ቀና ይላሉ፤ ጸናጽሉና ከበሮው ይከተላቸዋል። ዜማው ስለ ሐይቅ አያነሳም፤ «እንደ» የሚል ቃልም የለበትም፤ ጣናን አይቶ የማያውቅ ደብተራ ግን በማሕሌቱ ቆሞ እንደ ደንገል ይወዛወዛል።