ራጅ ያልደረሰባቸው የልብ ረቂቃን ሥሮች

ከዱባይ ተነሥቶ በኢትሓድ መንገድ ወደ ሻርጃ የሚያመራ ሰው፣ የሁለቱን ኤሚሬቶች ወሰን እንዳለፈ፣ ረጃጅም ሕንጻዎች ተጠጋግተው የቆሙበትንና የሻርጃ ኤክስፖ አዳራሽ የሚገኝበትን አል ተዓውን የተባለውን ሠፈር ያገኛል። በዚህ ሠፈርና በዙሪያው፣ እስከ ዐጅማንም ድረስ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን፣ ከግብፅና ከፊሊፒንስ ከመጡት ሰዎች ጋር፣ ከወሎና ከጎጃም፣ ከጅማና ከአርሲ ወጥተው እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ብዙ እኅቶቻችን ይኖራሉ። ከእነርሱ አንዲቱ ደረጃ ስትወጣ ደረቷን ጨምቆ ቢይዛት፣ ሐኪም ዘንድ ቀርባ፣ የልቧ ሥሮች በቀለምና በራጅ ተመርምረው፣ «ሥሮችሽ ንጹሐን ናቸው፤ ምንም የለብሽም» ተብላ ልትሰናበት ትችላለች። ይህ ፍርድ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴትስ ጎደሎ ሆኖ እንደ ተገኘ፣ የአንድ ሙሉ የሕክምና ዘመን ታሪክ ነውና በጥቂቱ መተረክ ይገባዋል። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምድሪቱ ራሷ ለሕክምና አዲስ ናት። የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁ ገበያውን ከያዘ በኋላ የዕንቁ ጠላቂዎቹ ሥራ በ1930ዎቹ ተንኮታኩቶ፣ ነዳጁም ገና ባልተገኘበት በዚያ የችግር ጊዜ፣ በዚህ ባሕር ዳር የታመመ ሰው የሚታከመው እንደ እኛው አገር በጋለ ብረት በመተኮስ፣ በሥራ ሥርና በቅጠል፣ በጸሎትም ነበር። በዱባይ አል መክቱም ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ በ1952 ደግሞ ሳራ ሆስማን የተባለች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ዓረብ ምድር መጥታ በመስቀጥ ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ አንድ እግሯ የእንጨት የነበረ አሜሪካዊት ሐኪም፣ በሻርጃ ይልቁንም ለሴቶችና ለሕፃናት የሚሆን ሆስፒታል አቋቋመች። ሴት ልጅ ወንድ ሐኪም ፊት ቀርባ ሕማሟን ለመናገር በምታፍርበት ዘመን፣ ቃሏን በትዕግሥት የምትሰማት ሴት ሐኪም ማግኘቷ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ነበረ፣ ከዚህ በታች የሚተረከውን ያነበበ ሰው በሚገባ ያስተውለዋል። ሆስማን በ1964 ብታርፍም ሆስፒታሏ እስከ 1994 ድረስ አገልግሏል።

የልብን ምሥጢር በመመርመር ረገድ የዓረብ ጠቢባን ቀደምትነት ሳይጠቀስ ቢታለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ1213 በደማስቆ የተወለደው፣ በካይሮ ሲያክምና ሲያስተምር ኖሮ በ1288 ያረፈው ኢብን አን ነፊስ፣ በኢብን ሲና መጽሐፍ ላይ በጻፈው ትርጓሜ፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው ጥንታውያን እንዳስተማሩት በመካከለኛው ግድግዳ ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን ገለጠ፤ ልብም ራሱ የሚመገበው በሥጋው ውስጥ ከተሠራጩት ሥሮች ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ትርጓሜ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ከኖረ በኋላ አንድ ግብፃዊ ሐኪም በ1924 በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አገኘው። ረቂቃኑ ሥሮች በዓይን የታዩት ግን ኢጣልያዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ1661 የእንቁራሪትን ሳንባ በማይክሮስኮፕ በመረመረ ጊዜ ነው።

የደረት ሕማሙን ነገር ወደ ሕክምና መዝገብ ያገባው እንግሊዛዊው ዊልያም ሄበርደን ሲሆን፣ በ1768 በለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ፊት ባሰማው ንግግር፣ ሰው ሲራመድ ይልቁንም ዳገት ሲወጣ የሚይዘውን፣ ሲቆም ግን የሚለቀውን የደረት ጭምቀት አንጃይና ፔክቶሪስ ብሎ ሰየመው። ከሞተ በኋላ በ1802 በታተመው መጽሐፉ፣ በዚህ ደዌ የተያዙ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎችን እንዳየ፣ ከእነርሱም ሴቶቹ 3 ብቻ፣ አንዱም የ12 ዓመት ልጅ እንደ ነበሩ፣ የቀሩት ሁሉ ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ ወይም ያለፈ ወንዶች እንደ ሆኑ ጻፈ። ይህ የአንድ ሐኪም የገዛ ገጠመኝ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች እንደ ሕግ ተቀበሉት። ስለዚህም በ19ኛው መቶ ዓመት ሴት ልጅ ያንኑ ጭምቀት ይዛ ስትቀርብ፣ ሕማሟ «ሐሰተኛ አንጃይና» ተብሎ ከነርቭና ከስሜት መናወጥ ጋር ይቈጠር ጀመር። ዛሬ «ጭንቀት ነው»፣ «ጨጓራ ነው»፣ «ጋዝ ነው» እየተባለ የሚሰጠው መልስ ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታላቅ ግኝት ነገሩን ይበልጥ አጠነከረው። ኦክቶበር 30 ቀን 1958 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ሜሰን ሶንስ የተባለው ሐኪም የልቡ ቫልቭ በቁርጥማት ትኵሳት የተበላሸበትን የ26 ዓመት ወጣት ሲመረምር፣ በትልቁ የደም ሥር ውስጥ እንዲቆም የታሰበው ቀጭን ቱቦ ሳይታወቅ ተንሸራትቶ ወደ ቀኙ የልብ ሥር ገባና በራጅ የሚታየው ቀለም ሁሉ እዚያው ፈሰሰ። በዚያን ጊዜ እምነት ይህ ሰውን የሚገድል ነበረ፤ የወጣቱም ልብ ለጥቂት ሴኮንዶች ቀጥ አለ። ሶንስ «ሳል! ሳል!» እያለ ጮኸበት፤ ወጣቱም በሳለ ጊዜ ልቡ መምታቱን ቀጠለ። ከዚህ ድንገተኛ ነገር የልብን ሥሮች አንድ በአንድ በራጅ የማንሣት ጥበብ፣ ማለት አንጂዮግራፊ፣ ተወለደ፤ የልብ ሥር መቀጠልም፣ ባሎንና ስቴንትም ሁሉ ከእርሱ የተከተሉ ናቸው። በዚህ ጥበብ የተረፈው ነፍስ ሊቈጠር አይችልም። ይሁን እንጂ ምስሉ ብቸኛ ዳኛ ሆነ፤ ምስሉ ያላየውም እንደሌለ ተቈጠረ።

ምስሉ የማያየው ደግሞ ብዙ ነው። በልብ ላይ የተዘረጉት ትላልቅ ሥሮች ውፍረታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ሲሆን፣ ራጁ በግልጥ የሚያሳየን ግማሽ ሚሊሜትር እስከሚያህሉት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት፣ ወደ ልብ ሥጋ ጠልቀው የሚገቡት እጅግ ብዙ ረቂቃን ሥሮች፣ ልብ ሲደክም እየሰፉ ሲያርፍ እየጠበቡ የደሙን ልክ የሚወስኑት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። በመስኖ እርሻ ዋናው ቦይ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ወደ መደቡ የሚያደርሱት ትንንሾቹ ፈለጎች ቢደፈኑ ሰብሉ እንዲጠወልግ፣ የልብም ነገር እንዲሁ ነው።

በ1967 ዊልያም ላይኮፍና ሁለት ባልንጀሮቹ በፊላደልፊያ፣ የሕማማቸው ምልክት የማያጠራጥር፣ የልባቸው ኤሌክትሪክ ምርመራም የተዛባ፣ የሥሮቻቸው ምስል ግን ንጹሕ የሆነላቸውን ሴቶች ታሪክ አሳትመው፣ ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ምን ይሆን ብለው ጠየቁ። በ1973 ሃርቪ ኬምፕ፣ በሞንትሪያል የተደረገ አንድ ጥናት እነዚህን ሕሙማን «ኤክስ» በሚል ፊደል ለይቶ ካስቀመጣቸው ተነሥቶ፣ ደዌውን ሲንድሮም ኤክስ አለው። ሕሙማኑ ስም አገኙ እንጂ ፈውስ አላገኙም፤ ብዙ ሐኪሞችም በዚያ ፊደል ሥር የጠረጠሩት ልባቸውን ሳይሆን አእምሯቸውን ነበር።

በ1980ዎቹ ግን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሪቻርድ ካነንና ስቲቨን ኤፕስታይን የሕሙማኑን ልብ በኤሌክትሪክ እያፋጠኑ፣ ከልብ በሚመለሰው ሥር ውስጥ የሚያልፈውን ደም ለኩ። ትላልቆቹ ሥሮች ንጹሐን ሆነው ሳለ፣ በብዙዎቹ ዘንድ ደሙ ልብ በጠየቀው መጠን አይጨምርም ነበር፤ እንቅፋቱ ከትላልቆቹ በታች ባሉት ረቂቃን ሥሮች መሆን አለበት ብለው ፈረዱ፤ በ1988ም ደዌውን ማይክሮቫስኩላር አንጃይና ብለው ሰየሙት። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1980 ሮበርት ፈርችጎት፣ የደም ሥርን ውስጡን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሥሩን የሚያሰፋ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይቶ ነበር፤ በዚህም በ1998 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ሽፋኑ በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊት፣ በትንባሆ ሲጐዳ፣ ረቂቃኑ ሥሮች መስፋት ሲገባቸው ይጠብባሉ።

ካነንን እጅግ የማከብርበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ ኢሚፕራሚን የተባለው ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት የእነዚህን ሕሙማን የደረት ሕማም በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ ሳይሸሽግ ገለጠ፤ ይኸውም የአንዳንዶቹ ችግር ሕማምን በሚያስተላልፉት ነርቮች መቈጣት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የገዛ ሐሳቡን የሚያወሳስብ ማስረጃ በገዛ እጁ ያወጣ ተመራማሪ ለእውነት እንጂ ለስሙ አልሠራም።

ታላቁ ምስክርነት የመጣው ከሴቶቹ ከራሳቸው ነው። በ1996 በአሜሪካ መንግሥት የልብ ተቋም ድጋፍ፣ ኖኤል ቤሪ መርዝ በመሪነት ያገለገለችበት፣ ዋይዝ የተባለው ጥናት ተጀመረ፤ የደረት ሕማም ኖሮባቸው ለልብ ሥር ምስል የተላኩ 936 ሴቶችም በአራት የሕክምና ማዕከሎች ተመዘገቡ። በ2000 በታተመው አንድ ክፍል፣ ሴቶቹ በታላቅ ማግኔት ውስጥ ተኝተው አንድ ነገር በእጃቸው እየጨበጡ የልባቸው ሥጋ ኃይል ተለካ፤ ትላልቅ ሥሮቻቸው ካልጠበቡት 35 ሴቶች የ7ቱ ልብ በዚያች ትንሽ ድካም ብቻ ኃይል ሲያጥረው ታየ። ይህን ማሽን «ጭንቀት ነው» ብሎ የሚያስተባብል አይገኝም። በ2009 የወጣው ክፍል ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በሞት፣ በልብ ድካም፣ በስትሮክ ወይም በልብ ድንገተኛ ሕመም የተመቱት፣ ምልክት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው በመቶ 2.4 ሲሆኑ፣ የደረት ሕማም እያላቸው ምስላቸው ፍጹም ንጹሕ ከነበረው በመቶ 7.9፣ ሥሮቻቸው ጥቂት ብቻ ከጠበቡት ደግሞ በመቶ 16 ሆኑ። «ምንም የለብሽም» የተባሉት እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። በ2018 በግላስጎው የኮሊን ቤሪ ቡድን 151 ሕሙማንን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ብቻ የረቂቃኑን ሥሮች ምርመራ ውጤት ለሐኪሞቹ ገለጠና ሕክምናው በዚያ መሠረት እንዲሰጥ አደረገ፤ ከስድስት ወር በኋላ የዚህ ወገን የደረት ሕማም ከሌላው ይልቅ ቀለለ። ምርመራው የሚደረገው በቀጭን ሽቦ የደሙን ግፊትና ፍጥነት በመለካት፣ አዴኖሲንና አሴቲልኮሊን የተባሉ መድኃኒቶችንም በመስጠት ነው፤ በማግኔት ምስል ወይም በፔት ስካንም ሊደረግ ይችላል። እነዚህ ሥሮች እጅግ ቀጭን ስለሆኑ ስቴንት አይገባባቸውም፤ ሕክምናቸው የልብን ምት የሚያረጋጉ፣ ሥርን የሚያሰፉ፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ የስኳርና የግፊትም ጥንቁቅ ክትትል ናቸው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019፣ የአሜሪካኖቹም በ2021 ባወጡት መመሪያ ምርመራውን ተቀብለውታል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንመለስ፣ በ1966 ነዳጅ በዱባይ ከተገኘና በ1971 የኤሚሬቶቹ ኅብረት ከተመሠረተ ወዲህ ኑሮው በአንድ ትውልድ ተለወጠ፤ ዱባይ በ1973 የራሺድን ሆስፒታል ከፈተች፤ ሰው ከእግር ጉዞ ወደ መኪና፣ ከዓሣና ከተምር ወደ ስኳርና ወደ ቅባት ዞረ፤ አገሪቱም የስኳር በሽታ ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። በ2007 ባሕሬን፣ ኩዌት፣ ቀጠር፣ ዖማን፣ የመንና ኤሚሬትስ ተባብረው ባደረጉት ገልፍ ሬስ የተባለ ምዝገባ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተያዙት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 56 ገደማ፣ ይኸውም ከምዕራባውያኑ ዐሥር ዓመት ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከተመዘገቡትም አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ።

በእኛ አገር የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ ከተቋቋመበት ከ1964 ጀምሮ የልብ ሐኪሞቻችን ትግል ከሌላ ደዌ ጋር ነበር፤ ይኸውም የጉሮሮ ሕመማቸው ሳይታከም ቀርቶ የልባቸው ቫልቭ ከሚበላሽባቸው ሕፃናት ጋር፣ ማለት ሶንስ በዚያች ቀን በጠረጴዛው ላይ ካስተኛው ወጣት ደዌ ጋር ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ያቋቋሙት ድርጅት፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስኪከፈት ድረስ የደከመው ለእነዚህ ነው። የሕፃናት ሞት በር ላይ ቆሞ ሳለ ስለ ረቂቃን ሥሮች ለመመራመር ጊዜ የሚተርፈው ሐኪም አልነበረም። አሁን ግን ስኳርና ግፊት በከተሞቻችን ስለ በዙ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በእነዚህ የዓረብ ከተሞች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ምስላቸው ንጹሕ ሆኖ ሕማማቸው ያልለቀቃቸውን ሰዎች በመዝገብ ይዘው እንዲከታተሉ እለምናለሁ፤ የዋይዝ ጥናት የተደረገው በአሜሪካ ሴቶች ነውና የእኅቶቻችንን ነገር በእርግጥ ሊነግረን የሚችል የእነርሱ የራሳቸው መዝገብ ብቻ ነው።

አንቺም በአል ተዓውን ወይም በዐጅማን የምትኖሪ አንባቢዬ፣ የልብሽ ሥሮች ምስል ንጹሕ ነው ከተባልሽ በኋላ ሕማሙ ቢመላለስብሽ፣ በምን ሰዓት፣ በምን ሥራ ላይ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚይዝሽ ጽፈሽ ይዘሽ ተመለሺና ረቂቃኑ ሥሮች ተመርምረው እንደ ሆነ የልብ ሐኪሙን ጠይቂ። ሕማሙ ዕረፍት ስታደርጊ የማይለቅ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በኤሚሬትስ የአምቡላንስ ስልክ 998 ነው።