ኮሶ፣ ትልና ነጭ የደም ሕዋስ

ከመሳለሚያ እህል በረንዳ አልፈው ወደ መርካቶ ጠለቅ ሲሉ፣ የባህል መድኃኒት ከሚሸጡ እናቶች ዘንድ የደረቀ የኮሶ አበባ ዛሬም አይጠፋም። ገዢው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገራችን ኮሶ በየሁለት ወሩ ገደማ የሚጠጣ ግዴታ ነበር። የጠጣ ሰው ደጁን ዘግቶ ይውላል፤ “ኮሶ ጠጥተዋል” ከተባለም እንግዳው ሳይቀየም ይመለሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ከጻፈ በኋላ፣ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ገብቷል።

ትልን የምንዋጋው በኮሶ ብቻ አልነበረም፤ ሰውነትም ራሱ ይዋጋዋል። በ1879 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ፣ ኢዮሲን የተባለ ቀይ ቀለም ሲነካቸው የሚደምቁ ነጭ የደም ሕዋሳትን ለይቶ ኢዮሲኖፊል አላቸው። ትል ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይበዛሉ፤ ተጣብቀውበትም መርዛቸውን ያፈሱበታል። ትሉ በበኩሉ ዕድሜውን ለማራዘም የሰውነትን መከላከያ፣ በተለይም ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ ሕዋሳት፣ ያበርዳል።

ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ቡሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ በኒውዮርክ አንድ የአንጀት ሕመም መዘገቡ፤ ዛሬ ክሮን ይባላል። በዚህ ሕመም ቲ ሴሎች ያለ ልክ ይነሣሣሉ፤ እነሱ የጠሯቸው፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትና ኢዮሲኖፊሎችም የገዛ አንጀትን ግድግዳ ያቆስላሉ። ታዲያ ቲ ሴሎችን የሚያበርደው ትል ከክሮን ይጠብቅ ይሆን?

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓዙ። ብዙዎቹ የአንጀት ትል ነበረባቸው፤ የክሮን ዓይነት ሕመም ግን እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር። በሽታው ከመካከላቸው መታየት የጀመረው በአዲሱ አገር ዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ምግቡ፣ ውሃው፣ መድኃኒቱና በአንጀታቸው የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በትሉ መጥፋት ላይ ብቻ መጣል ያስቸግራል።

አሜሪካዊው ጆኤል ዋይንስቶክ የአሳማ ትል እንቁላል ለሕሙማን አጠጥቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳትሞ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ሰፊ ሙከራ ግን አልተሳካም። እንግዲህ ትል መድኃኒት ነው ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ክብደትም ከቀነሰ፣ በግምት የአሜባ ክኒን መደጋገም ወይም ኮሶ መጠጣት ይብቃ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመርመሩ። የአንጀት ቲቢም ከክሮን ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል፣ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።