በዋግ አገር ስለ ነበረው የውሻ አያያዝ

ከሰቆጣ ከተማ አንሥቶ በአበርገሌ ቆላ እስከ ተከዜ ድረስ፣ ፍየልና በግ የባላገሩ ዋና ሀብት ሆነው ስለ ኖሩ፣ ጅብና ነብርም ሌሊት ሌሊት ይህን ሀብት ለመካፈል ስለሚመጡ፣ ኃይለኛ ውሻ ማሳደር በዋግ የኑሮ ግዴታ ነበር። ነገር ግን ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ስለ ነበረች፣ ነጋድያንና መንገደኞች አይታጡባትም ነበርና፣ ሌባውን ከእንግዳው የማይለይ ብርቱ ውሻ ለጌታው መመኪያም ዕዳም ነበር።

ስለዚህ በዋግም እንደ ሌላው ደጋ አገር ልማዱ ሸክሙን ለሁለት ከፈለው። እንግዳው ከአጥሩ ራቅ ብሎ ቆሞ «ቤቶች! ኧረ ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ ይጣራል፤ የቤቱም ጌታ፣ ከማዕድ ላይ ቢሆን እንኳ፣ ተነሥቶ ውሻውን ይይዛል ወይም ያስይዛል። ሳይጣራ ዘው ያለ ሰው ቢነከስ ወቀሳው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ተጣርቶ የተነከሰ ግን ባለውሻውን ያሳፍራል።

ኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለ ተዋጊ በሬ ሲደነግግ፣ የበሬው ጠባይ አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው በቀረ ባለቤት ላይ ፍርዱን ያከብዳል፤ ስለ ውሻ ባይናገርም ለውሻ የሚስማማ ይመስለኛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 2071 ከዚህ ይጠነክራል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ጉዳት ቢያደርስም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋልና። የተጎጂው ጥፋት ግን በዚሁ ሕግ ዘንድ ስለሚመረመር፣ ሳይጣራ የገባው የዋግ እንግዳ ነገር በአዲሱ ችሎትም ፈጽሞ አልተረሳም።

ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ክልክል ስለ ሆነ፣ የአገሩ ገዦች የነበሩት የዋግሹሞች ዐፅም ወዳረፈበት ወደ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የሚሄድ ምእመን ውሻውን ከቤት ማስቀረት ነበረበት፤ ምንም እንኳ በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ መንገድ አብሮ ቢሄድ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚፈርሰው በእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ያበደ ውሻ የጌታውን ድምፅ አይሰማም፣ በደጃፉም አይቆይም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ በ1877 ዓ.ም. የዚህን በሽታ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሰጠ፤ ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ይኸው በሽታ በአዲስ አበባ ውሾች ላይ በብርቱ ወረደ። በገጠሩ አገር የተነከሰ ሰው ተስፋ ግን በጸበልና በሥር መድኃኒት ላይ ነበር፤ የባለቤቱ ብርቱ እጅም ሆነ ጥሩ መጫኛ በዚያ ሰዓት የሚፈይደው ነገር አልነበረም።