መመለሻ ያለው መንገድ፦ የሁለተኛ ደረጃ የትምህርት ምርጫና የዩኒቨርሲቲው በር

በአገራችን አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሚማረው፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማብቂያ የሚፈተነው፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባም ሊመደብበት የሚችለው የትምህርት ክፍል ሁሉ ከዚያ ምርጫ ይመዘዛል። ስለ ተጣጣፊ ሥርዓተ ትምህርት ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ሁለት ዘርፍ ያንሳል ወይስ ይበቃል በሚለው ላይ ነው። ሙያ ይጨመር፣ ኪነ ጥበብ ይካተት፣ ቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ ዘርፍ ይሁን ይባላል። በእኔ እምነት ግን ዋናው ችግር ያለው መመለሻው ላይ ነው። አንድን መንገድ የያዘ ተማሪ እስከዚያ የተማረው ሳይባክንበት ወደ ሌላው መሻገር ካልቻለ፣ ስምንት ዘርፍ ቢዘረጋለትም ያገኘው ስምንት የተዘጋ መስመር ነው።

ለዚህ የቅርብ ታሪካችን በቂ ማስረጃ ይሰጣል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» የሚል ስያሜ የያዙት ትምህርት ቤቶች ዓላማቸው የቀለሙን ትምህርት ከንግድ፣ ከባልትና፣ ከእርሻና ከእጅ ሙያ ጋር በአንድ ግቢ ማስተማር ነበር። የመንገድ ጥያቄ የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑ በግልጽ የታየው ግን በ1964 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ብዙዎች «ሴክተር ሪቪው» በሚሉት፣ ነው። ጥናቱ ለአብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስና ከዚያ በኋላ ያለው ሥልጠና ከሥራ ጋር እንዲቆራኝ ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ ወደ ከፍተኛው ደረጃ የሚዘልቁት ጥቂቶች ይሆኑ ነበር። ትምህርትን ለብዙኃኑ ለማዳረስ ከልብ የታሰበ ዕቅድ ነበር ማለት ይቻላል። መምህራንና ወላጆች ያነበቡት ግን ሌላ ነው፤ የድሃው ልጅ በአጭሩ ይቀራል፣ የባለጸጋው ልጅ ይቀጥላል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው ጥናት እንዲሰረዝ ነበር፤ መንግሥትም ተግባራዊነቱን ለማገድ ተገደደ። ወላጆችን ያስቆጣው ሙያ መማሩ ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ አይበቃም። ወደ ሙያ የሄደ ልጅ ተመልሶ የሚገባበት በር አለመታየቱ ከዚያ የባሰ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሌላ ቅርጽ ይዞ መጣ። ስምንት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መሰናዶ። መገንጠያው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሆነ፤ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። እዚህ ላይ ሙያ የሚመረጥ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የወደቀ ተማሪ ማረፊያ ተደርጎ ታየ፤ ከዚያ ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድም ረጅምና ጠባብ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው፣ ሰባ በመቶውን ቦታ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጠው ሰባ በሠላሳ የቅበላ ድልድል ደግሞ የመሰናዶውን ምርጫ ከተማሪው ዝንባሌ ይበልጥ ከመንግሥት ኮታ ጋር አስተሳሰረው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከቀረ ወዲህ ወንፊቱ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተዛውሯል፤ የወንፊቱ ጠባይ ግን ያው ነው።

በ2014 ዓ.ም. ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የተጠየቀውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። የውጤቱን ማነስ በዘርፍ አከፋፈሉ ላይ መለጠፍ ስህተት ነው፤ ሥሩ ከታችኛዎቹ ክፍሎች፣ ከንባብና ከሒሳብ መሠረት ይጀምራል። ትኩረት የሚሻው ሥርዓቱ ለውጤቱ የሰጠው ምላሽ ነው። መንግሥት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሪሜዲያል» የሚባለውን፣ በዩኒቨርሲቲዎች ከፈተ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሶ ነበር፤ በዚህም ተማሪው የትምህርት ክፍሉን ከመምረጡ በፊት በርካታ ኮርሶችን በጋራ ይወስዳል። ሁለቱም እርምጃዎች የሚያሳዩት ሁለተኛው ዕድልና የዘገየው ምርጫ አስፈላጊ መሆናቸውን አገሪቱ መቀበሏን ነው። የተቀበለችው ግን ውድ በሆነው ቦታ፣ ከማደሪያና ከምግብ ጋር፣ ለጥቂቶች ነው። ያንኑ ዕድል በሁለተኛ ደረጃ፣ ተማሪው ከቤተሰቡ ጋር ሳለ ቢያገኘው ለብዙዎች ይደርስ ነበር።

ፊንላንድ ይህን ጉዳይ የፈታችበት መንገድ በቅርበት ሊታይ ይገባል። በዚያ አገር አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሁለተኛ የሚባል የክፍል አጥር የለም። ትምህርቱ በአጫጭር ኮርሶች የተከፈለ ነው፤ ተማሪው የጋራ ግዴታዎቹን ጠብቆ የራሱን ፕሮግራም ያወጣል፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜም ይጨርሳል። ሒሳብ ረጅምና አጭር ተብሎ በሁለት ይሰጣል። ረጅሙን ጀምሮ የከበደው ተማሪ ወደ አጭሩ ሲሻገር የጨረሳቸው ኮርሶች ይቆጠሩለታል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። የማጠናቀቂያው አገር አቀፍ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር ይሰጣል፤ ተማሪው በሦስት ተከታታይ ዙሮች ከፋፍሎ ሊወስደው፣ የወደቀበትንም ደግሞ ሊፈተን ይችላል። የሙያ ትምህርት ቤት ምሩቅም ለከፍተኛ ትምህርት የማመልከት መብት አለው። ልብ መባል ያለበት ፈተናው ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ፣ በአንድ ማዕከል የሚዘጋጅ፣ ጠንካራ ፈተና መሆኑ ነው። ተጣጣፊነቱ መመዘኛውን ዝቅ አላደረገም።

ፊንላንድ ሀብታም አገር ናት፣ በአንድ የፊዚክስ መምህር ለሚንቀሳቀስ የገጠር ትምህርት ቤት ይህ ቅዠት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው የሞዴሉን ሙሉ ቅጂ በተመለከተ ትክክል ነው። ሆኖም የእኛን ሥርዓት ጠጋ ብለን ስናየው ሁለቱን ዘርፎች የሚለየው ርቀት የሚታሰበውን ያህል አይደለም። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ በሁለቱም ይፈተናሉ፤ የሒሳቡ ፈተና ለየዘርፉ ለየብቻ ቢዘጋጅም። ቀሪው ልዩነት በአንድ በኩል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በሌላው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ የገባች፣ ግን በኢኮኖሚክስ ላይ ልቧ ያረፈ ተማሪ እናስብ። እንግሊዝኛዋና የሒሳብ መሠረቷ አብረዋት ይሻገራሉ፤ የጎደላት የሦስት ትምህርት የአንድ ዓመት ይዘት ነው። ሁለቱም ዘርፎች በአንድ ግቢ በሚሰጡበት ትምህርት ቤት መምህሮቹ አሉ። የሚያስፈልገው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ለመሻገር እንዲመች አድርጎ ማውጣት፣ የጎደለውን በክረምት ማሟላት፣ ያለፈችበትንም ውጤት መዝግቦ መያዝ ነው። ለዚህ የርእሰ መምህሩና የፕሮግራም አውጪው ድካም ይጨምራል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የ1966ቱ ነው። መንገድ ሲበዛ የድሃው ልጅ ወደ ዝቅተኛው ይገፋል። ይህ ስጋት ዛሬም እውነት ነው፤ ምክር የሚሰጠው ወላጅ የሌለው ተማሪ ቅርብ የሆነውን ይይዛል። ዘርፍ መጨመር ብቻውን ይህን ያባብሳል፤ ስለዚህ የመመለሻውን ጉዳይ ማስቀደም የፍትሕ ጥያቄ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በመረጃ እጥረት የተሳሳተ ልጅ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ማረም ከቻለ፣ የቤተሰቡ ድህነት በዕጣው ላይ ያለው ሥልጣን ይቀንሳል። ያለውን ባለሁለት ዘርፍ ሥርዓት ባለበት ማቆየት ከዚህ አድሎ አያድንም፤ አድሎው ዛሬም በግል አስጠኚና በትምህርት ቤት ልዩነት በኩል ይገባል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ እርሻ፣ ኮንስትራክሽንና ጤና ያሉ የሙያ ትምህርቶችን ማስገባቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የመግቢያ ፈተናው እነዚህን አይቆጥርም፤ ተማሪም ሆነ መምህር ጊዜውን የሚሰጠው ለሚፈተነው ነው። ስለዚህ ማስተካከያው ከፈተናው መጀመር አለበት። በአንድ የትምህርት ዓይነት ጥሩ ውጤት ያመጣ ተፈታኝ ውጤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይጽናለትና የጎደለውን ብቻ ይድገም። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪን በዘርፉ ስም ከመቀበል፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የሚሻቸውን ትምህርቶችና ውጤት አስቀድሞ ያሳውቅ። ኢኮኖሚክስ ጠንካራ ሒሳብ ቢጠይቅ፣ የከተማ ፕላን ጂኦግራፊን ከፊዚክስ ጋር ቢቀበል፣ የግብርና ክፍሎች በትምህርት ቤት የተወሰደውን የእርሻ ኮርስ በነጥብ ቢያስቡ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪው ምርጫ በሁለት ስሞች መካከል መሆኑ ይቀራል። የ50 በመቶውን ወሰን ዝቅ ማድረግ ሳያስፈልግ ይህን መፈጸም የሚችሉት የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትና ዩኒቨርሲቲዎቹ በጋራ ናቸው፤ ትምህርት ቤቶች ብቻቸውን የሚያደርጉት መተጣጠፍ ከበሩ ሲደርስ ዋጋ ያጣል።